«ልጄ ስትስቅ እደነግጣለሁ»፦ የሚጥል ሕመም ባለበት ቤት ደስታን ስለማግኘት

ጥያቄ፦ «የ9 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። የሚጥል ሕመም እንዳለባት ከታወቀ 2 ዓመት ሆኗል። መድኃኒቷን ጠዋትና ማታ ትወስዳለች፤ ሆኖም በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ይነሳባታል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሊነጋጋ ሲል። መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ለሰዓታት ትተኛለች። ሦስት ጊዜ ያህል የጣላት በጣም ተደስታ በዋለች ማግስት ነው፤ አንዱ የአክስቷ ልጅ ልደት ላይ ሲጫወቱ ባመሹ ማግስት። ከዚያ ወዲህ የሚያስፈነድቃትን ነገር ሁሉ አስቀርቻለሁ። ልደት የለም፣ ሩጫ የለም፣ ዋና የለም፣ ቴሌቪዥን የለም። ሌሊት እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ ነው የምተኛው። የ13 ዓመት ወንድሟ ከእኔ ጋር ማውራት ትቷል። ባለፈው ሳምንት ‹እማዬ፣ እኔ ስስቅ አንቺ ለምን ትደነግጫለሽ?› አለችኝ፤ መልስ አጣሁ። ሰው ሁሉ ‹አንቺም ትንሽ ደስ ይበልሽ እንጂ› ይለኛል። እሷ እንዲህ ሆና እኔ እንዴት ደስ ይለኛል? ደስታ ለእሷ አደጋ ከሆነስ ከየት ነው የማመጣው?»

ምላሽ፦

ደስታ ልጅዎን አልጣላትም። ከዚህ የምነሳው ቤትዎ ውስጥ የተለወጠው ነገር ሁሉ፣ የቀረው ልደት፣ የተከለከለው ሩጫ፣ የወንድሟ ዝምታ፣ በዚህ አንድ ግምት ላይ ስለቆመ ነው። ግምቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ልጇ ስትቦርቅ ውላ ጎህ ሲቀድ ስትንቀጠቀጥ ያየች እናት ሁለቱን ብታያይዝ አይፈረድባትም። በሁለቱ መካከል ግን አንድ ሌሊት አለ፤ መፈተሽ ያለበትም ያ ሌሊት ነው።

«ሲጫወቱ ባመሹ ማግስት» ብለው ጽፈዋል። እስቲ ያን ምሽት መለስ ብለው ያስቡት። ስንት ሰዓት ተኛች? የማታ መድኃኒቷንስ በሰዓቱ ወስዳለች? ይህን ጥያቄ ለወላጆች ሳነሳ ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ ይመሳሰላል፦ ሁልጊዜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል የምትተኛ ልጅ እስከ 5 ሰዓት አምሽታለች፣ የማታው መድኃኒት ደግሞ ወይ ዘግይቷል፣ ወይ ቤት ተረስቷል። እንቅልፍ ማጣትና መድኃኒት መዝለል ሕመሙን ከሚቀሰቅሱት ዋነኞቹ ናቸው፤ ትኩሳት ያለበት ሕመምም ከእነሱ አይርቅም። የእርስዎ ልጅ የሚነሳባት ሊነጋጋ ሲል መሆኑ ጥርጣሬዬን ያጠናክረዋል። አንዳንድ የልጅነት የሚጥል ሕመም ዓይነቶች ከእንቅልፍ ጋር፣ በተለይም ከእንቅልፍ በሚነቃበት ሰዓት አካባቢ፣ በጥብቅ የተሳሰሩ ናቸው፤ እንቅልፍ የጎደለበት ሌሊት ደግሞ ያን ሰዓት ይበልጥ አስጊ ያደርገዋል። የተጎዳችው በመሳቋ ሳይሆን በማምሸቷ ሊሆን ይችላል። መፍትሔውም ልደቱን መከልከል ሳይሆን ሰዓቱን ጠብቆ ወደ ቤት መመለስ ነው።

አቆጣጠሩም አንድ ነገር ይጎድለዋል። በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ከሆነ፣ በ2 ዓመት ውስጥ ከ12 እስከ 24 ጊዜ ያህል ተነስቶባታል ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ 3ቱ ደስ ብሏት የዋለችበትን ቀን ተከትለው ከመጡ፣ የቀሩት የመጡት ከተራ ቀን ወይም ካዘነችበት ቀን በኋላ ነው። ስቃና ተጫውታ ውላ ምንም ሳትሆን ያደረችባቸውን ሌሊቶች ደግሞ ማንም አልቆጠራቸውም፤ ሰላም ያደረ ሌሊት አይታወስምና። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ደብተር ይያዙ። በየቀኑ የተኛችበትንና የነቃችበትን ሰዓት፣ መድኃኒቷን የወሰደችበትን ሰዓት፣ ትኩሳት ወይም ሌላ ሕመም ካለ እሱን፣ እንዲሁም ቀኑ ለእሷ እንዴት እንደነበረ በአንድ ቃል ይጻፉ። ከ2 ወይም 3 ወር በኋላ ደብተሩ ከእኔም ከእርስዎም ግምት የተሻለ ይናገራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ራሱ ሳቁ የሕመሙ ምልክት የሚሆንበት ብርቅ ሁኔታ አለ። ልጅቱ ምንም የሚያስቅ ነገር ሳይኖር በድንገት ብትስቅ፣ ሳቁ ደስታ የሌለበት ቢመስል፣ በሰከንዶች ውስጥ ቢያበቃና በዚያው መልክ ደጋግሞ ቢመጣ፣ በስልክ ቀርጸው ለሐኪሟ ያሳዩ። ይህ አንጎል ውስጥ በጥልቅ ቦታ ከሚገኝ እጢ መሰል ነገር ሊመጣ ስለሚችል ራሱን የቻለ ምርመራ ይፈልጋል። እርስዎ የገለጹት ግን ይህን አይመስልም፤ ልጅዎ የምትስቀው ደስ ስላላት ነው።

አሁን ወደ ከለከሏቸው ነገሮች ልምጣ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉምና። ሩጫና ጨዋታ ይመለሱ። የአካል እንቅስቃሴ ሕመሙን የሚቀሰቅሰው እጅግ በጥቂቶች ላይ ብቻ ነው፤ ለአብዛኞቹ ልጆች እንቅልፍን ያሻሽላል፣ ስሜትን ያነቃቃል፣ ከጓደኛ ጋር ያገናኛል። በሚጥል ሕመም ላይ የሚሠሩ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2016 ባወጣው መመሪያ ስፖርቶችን እንደ አደጋቸው መጠን በሦስት ከፍሏቸዋል፤ መነሻ ሐሳቡ ግን ልጆቹ ይሳተፉ የሚል ነው። መሬት ላይ መሮጥ፣ ኳስ መጫወት፣ መደነስ ከቀላሉ ወገን ናቸው። ብስክሌት ሲሆን የራስ ቁር ይደረግ፣ መኪና ከማይሄድበት ቦታ አይውጣ። ከቁመቷ በላይ የሚያስወጣ ዛፍና ግድግዳ ግን ሕመሙ በመድኃኒት እስኪያዝ ይቅር።

ውኃ ላይ ፍርሃትዎ ትክክል ነው። የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው ውኃ ውስጥ የመስጠም አደጋው ከሌላው ሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ውኃ ውስጥ የሚነሳ ሕመም ድምፅ አያሰማም። በየወሩ በሚነሳባት በአሁኑ ወቅት ልጅዎ ገንዳ የምትገባው ሐኪሟ ከፈቀደ ብቻ፣ እሱም መዋኘትና ሰው ማውጣት የሚችል አዋቂ አብሯት ውኃው ውስጥ እጁ ሊደርስባት በሚችል ርቀት ሆኖ ነው። ዳር ላይ ተቀምጦ በስልክ እያወሩ ማየት ጥበቃ አይደለም። ከገንዳው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሰው ሁሉ የሚረሳው የቤት መታጠቢያ ነው። ሙሉ ገንዳ ውስጥ ብቻዋን አትታጠብ። በሻወር ትታጠብ፣ ከተቻለ ተቀምጣ፤ በሩ ከውስጥ አይቆለፍ፤ እርስዎ ደግሞ በሩ አጠገብ ሆነው ያዋሯት። እየታጠበች ከዘፈነች ደግሞ ድምፅዋ ራሱ ጠባቂ ነው፤ ዘፈኑ ሲቋረጥ ይሰማሉ።

ቴሌቪዥኑን በተመለከተ፣ የብርሃን ብልጭታ ሕመሙን ይቀሰቅሳል ሲባል ሰምተው ከሆነ እውነት ነው፤ ግን የሚመለከተው ጥቂቶችን ነው። በብልጭታ ሕመማቸው የሚቀሰቀስባቸው የሚጥል ሕመም ካለባቸው ሰዎች 3 በመቶ ያህሉ ናቸው፤ በልጆችና በታዳጊዎች ላይ ከፍ ይላል። መገመት አያስፈልግም፦ የአንጎል ሞገድ ምርመራ (ኢኢጂ) ሲደረግላት ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አሳይተዋት ይሆናል፤ ውጤቱን ሐኪሟን ይጠይቁ። ለብልጭታ የተለየ ምላሽ ካልታየባት በዚህ ምክንያት መከልከሉ ጥቅም የለውም። ከመኝታ በፊት ያለው 1 ሰዓት ግን ያለ ስክሪን ቢሆን እመርጣለሁ፤ እሱም ለእንቅልፏ ሲባል።

ልጅዎ ያቀረበችልዎ ጥያቄ መልስ ይፈልጋል፣ እሱም ሳይውል ሳያድር። የ9 ዓመት ልጅ የእናቷን ፊት አንብባ የራሷን መደምደሚያ ትሰጣለች፤ «እኔ ስስቅ እማዬ ትታመማለች» የሚለው ከመደምደሚያዎቹ አንዱ ነው። እንዲህ ያመነች ልጅ መጀመሪያ ሳቋን ትደብቃለች። ቀጥላ ደግሞ ሌላውን ትደብቃለች፦ ከመውደቋ በፊት ሆዷ ውስጥ የሚሰማትን፣ እጇ ላይ የሚመጣውን መደንዘዝ፣ ትምህርት ቤት ለአፍታ የጠፋችበትን ጊዜ። እናትን ላለማስደንገጥ ተብሎ የሚደበቅ ምልክት ሕክምናውን ያሳውራል። ስለዚህ ሲረጋጉ አጠገብዎ አስቀምጠው በዚህ ዓይነት ቋንቋ ይንገሯት፦ «አዎ፣ እደነግጥ ነበር። ሳቅሽ ሕመምሽን የሚያመጣው መስሎኝ ነበር። ሐኪም ጠየቅኩ፤ ሳቅ አያመጣውም አሉኝ። ድንጋጤው ግን ለምዶብኛልና ቶሎ ላይለቀኝ ይችላል። ሲደነግጥ ያየሽው ፊት የእኔ ጉዳይ ነው፣ አንቺ ሳቂ።» ከዚያ በላይ ማብራሪያ አያስፈልጋትም። ምናልባት ስታለቅስ ሊያዩዋት ይችላሉ፤ አይደንግጡ፣ ማልቀስም አይጥላትም።

«እሷ እንዲህ ሆና እኔ እንዴት ደስ ይለኛል?» ላሉት ደግሞ መልሴ ይህ ነው። ደስታን ሕመሙ ሲጠፋ የሚከፈል ደመወዝ አድርገው ይዘውታል። ሕመሙ በመድኃኒት ከተያዘም እንኳ ሐኪሞች መድኃኒት ስለማቆም የሚያስቡት አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 2 ዓመት ሳይነሳ ከቆየ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ልጅነቷ አይጠብቅም፤ የወንድሟም፣ የእርስዎም ዕድሜ እንዲሁ። ሌላው የተሳሳተው ነገር ጭንቀት ራሱ ጥበቃ ነው የሚለው ስሜት ነው። አይደለም። ልጅዎን የሚጠብቋት ነገሮች ሊቆጠሩ የሚችሉ ናቸው፦ በሰዓቱ የተወሰደ መድኃኒት፣ የተሟላ እንቅልፍ፣ በውኃና በከፍታ ላይ ጥንቃቄ፣ ሲጥላት ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰው አጠገቧ መኖሩ፣ ሌሊት ድምፅ የሚሰማ ሰው። ከእነዚህ ውጭ ያለው ጭንቀት አንዲት ተጨማሪ ደቂቃ ደህንነት አይገዛላትም። ዘበኛ እንኳ ፈረቃ አለው፤ ያለ ፈረቃ የቆመ ዘበኛ ቆሞ ያንቀላፋል።

ስለ ሌሊቱ በግልጽ ልናገር፣ ምክንያቱም እጅዎን ደረቷ ላይ የሚያስቀምጠው ፍርሃት ስሙ እንዲነሳ ይፈልጋል። የሚጥል ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ድንገተኛ ሞት ይከሰታል፣ ብዙውን ጊዜ በእንቅልፍ ሰዓት። በልጆች ላይ በዓመት ከ4,500 አንድ ያህል ነው፤ ማለትም ብርቅ ነው፣ ግን አለ። አደጋውን ከሁሉ በላይ የሚጨምረው መላ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጠው ዓይነት ሳይያዝ መቀጠሉ ነው፤ ሌሊት የሚነሳ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የልጅዎ ሁኔታ ይህ ስለሆነ «ለብቻዋ አስተኟት» አልልዎትም። አዋቂ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ መተኛቱ ወይም ድምፅ የሚያስተላልፍ መሣሪያ መኖሩ እንደሚጠቅም የሚያሳይ መረጃ አለ። ነገር ግን በአንድ ክፍል መተኛት ማለት በአንድ አልጋ፣ እጅ ደረት ላይ አድርጎ፣ እያንዳንዱን ትንፋሽ እየቆጠሩ ማደር ማለት አይደለም። የራሷ አልጋ ይኑራት፣ የምትንተራሰው ትራስ በጣም ለስላሳ ያልሆነና ያልበዛ፣ እርስዎ በዚያው ክፍል በራስዎ አልጋ። መላ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ አለው፤ አልጋው ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሿ ይለወጣል፣ ይሰማሉ። ከሳምንቱ ውስጥ ቢያንስ 2 ሌሊት ደግሞ አባቷ ወይም ሌላ የሠለጠነ አዋቂ እዚያ ይተኛ፣ እርስዎ በሩን ዘግተው ሌላ ክፍል ይደሩ። ለ2 ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ያልተኛ ሰው ደስታ ቢያጣ ምሥጢር የለውም፤ እንቅልፉ ሳይመለስ ስለ ደስታ ማውራትም ከንቱ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን የሚተካዎ ሰው ምን እንደሚያደርግ ካወቀ ነው። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጽፈው ማቀዝቀዣው ወይም በሩ ላይ ይለጥፉት፦ ሰዓት ይታይ፤ የሚያቆስል ነገር ከአካባቢዋ ይራቅ፣ ከራሷ ሥር ለስላሳ ነገር ይደረግ፤ በጎኗ ትተኛ፤ አፏ ውስጥ ማንኪያም፣ ጣትም፣ ውኃም አይግባ፤ እጅና እግሯ በኃይል አይያዝ፤ እስክትነቃ ድረስ ማንም አይለያት። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳትነቃ ከተደገመ፣ ወይም ካቆመ በኋላ በደንብ ካልተነፈሰች፣ ወይም ውኃ ውስጥ ከጣላት፣ ወይም ክፉኛ ከተጎዳች አምቡላንስ ይጠራ። የረዘመ መንቀጥቀጥን የሚያስቆም መድኃኒት፣ ማለትም በአፍንጫ ወይም በጉንጭና በድድ መካከል የሚሰጥ ሚዳዞላም፣ ወይም በፊንጢጣ የሚሰጥ ዳያዜፓም ለልጅዎ ይታዘዝ እንደሆነ ሐኪሟን ይጠይቁ፤ መጠኑ በክብደቷ ተሰልቶ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ከዚያ ቢያንስ ሁለት አዋቂ ሰዎችን ያሠልጥኑ። አሻንጉሊት ወይም ትራስ መሬት ላይ አስተኝተው፣ ሰዓት ይዘው፣ ወደ ጎን አገላብጠው ይለማመዱ። ለክፍል አስተማሪዋም ያው ወረቀት ይሰጣት።

ደስታውን ከየት ላምጣ ላሉት፣ አስቀድሞ ከተያዘ ሰዓት ጋር ያስሩት እላለሁ። ቤትዎ ውስጥ በቀን ሁለት ጊዜ የማይታለፍ ሰዓት አለ፤ የመድኃኒቱ ሰዓት። እስካሁን ያ ሰዓት የሕመሙ ማስታወሻ ነበር። ከማታው መድኃኒት በኋላ ያለውን ግማሽ ሰዓት ለሁለታችሁ ያድርጉት፣ በየቀኑ፣ ደክሟችሁም ቢሆን። ጸጉሯን ይፍቱላት፣ ይሥሩላት። መጽሐፍ አንድ ገጽ እሷ፣ አንድ ገጽ እርስዎ ያንብቡ። መብራቱን ቀነስ አድርጋችሁ በአንድ ዘፈን ተወዛወዙ። ደንቡ ሁለት ብቻ ነው፦ በዚያ ግማሽ ሰዓት ስለ ሕመሙ አይወራም፣ ስልክ አይነካም። «ደህና ነሽ?» የሚለውም ስለ ሕመሙ ማውራት ስለሆነ አይፈቀድም። ግማሽ ሰዓት ትንሽ ይመስላል፤ ግን በሳምንት 3 ሰዓት ተኩል ነው፤ ልጅቱ በዚያን ጊዜ ሕመምተኛ ሳትሆን ልጅ ብቻ ናት፣ እርስዎም ነርስ ሳይሆኑ እናቷ።

ከጣላት በኋላ ላለው ቀን ደግሞ ሌላ ዝግጅት ይኑርዎት። በዚያ ቀን ራሷን ያማታል፣ ጡንቻዋ ይዝላል፣ ግራ ይገባታል፣ ትተኛለች፤ ዳንስ አይሆንም። ብዙ ወላጆች ያን ቀን ሙሉ በሙሉ እንደጠፋ ቀን ይቆጥሩታል። እኔ ግን ለዚያ ቀን ብቻ የሚወጣ ነገር እንዲኖር እመክራለሁ፦ የምትወደው ለስላሳ ብርድ ልብስ፣ በድምፅ የሚነበብ ተረት፣ ከአልጋ ሳይነሱ የሚሣል ሥዕል። ልጅቱ ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የምታየው የሚመረምራት ፊት ባይሆን ይሻላል። «ነቃሽ? ከጎንሽ ነኝ፤ ተረቱ አላለቀም» ማለት ይበቃል።

ለእርስዎ ለራስዎ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በቁርጥ ቀንና ሰዓት፣ ከቤት መውጣት አዛለሁ። አዛለሁ የምለው «ሲመቸኝ» ከተባለ ስለማይመች ነው። ልጅቱ ከመታመሟ በፊት ይወዱት ወደነበረው ነገር ይሂዱ፤ ጓደኛ ጋ፣ የእግር ጉዞ፣ መዘምራን፣ ስፌት፣ ምንም ይሁን። መጀመሪያ 30 ደቂቃ፣ ቤትዎ አቅራቢያ። ልብዎ ይመታል፣ ስልክዎን ደጋግመው ያያሉ፣ የበደሉ ይመስልዎታል። ይህ ስሜት መሄድዎ ስህተት ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም፤ ጭንቀት እንዲህ ነው፣ የሚቀንሰውም ሲሸሹት ሳይሆን ደጋግመው ሲያልፉበት ነው። በየሳምንቱ ጊዜውን እስከ 2 ሰዓት ያሳድጉት። እርስዎ በሌሉበት ሕመሙ ቢነሳባትስ? ሊነሳባት ይችላል። ያሠለጠኑት ሰው ወረቀቱን አይቶ ያንኑ እርስዎ የሚያደርጉትን ያደርጋል። እርስዎ ቢኖሩም አይከላከሉትም ነበር።

ልጅዎ ወንድም አላትና ስለ እሱ ባጭሩ። የ13 ዓመት ልጅ ዝም ሲል ብዙ ጊዜ ሁለት ፍርሃት ይዟል፦ «እኔንም ይይዘኝ ይሆን?» እና «እኔ አስቆጥቻት ነው?» ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው እንደማይጋባ፣ የእሱም ጥፋት እንዳልሆነ በግልጽ ይንገሩት። የመጀመሪያ እርዳታውን ያውቅ፤ ሁለተኛ ጠባቂ ግን አያድርጉት። በሳምንት አንድ ጊዜ ከእርስዎ ጋር ብቻውን የሚሆንበት ሰዓት ይኑረው፣ ስለ እሷ የማይወራበት።

የዚህ ሁሉ ምክር ገደቡ የት ላይ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልግዎታል። የሚጥል ሕመም ያለባቸው ልጆች እናቶች በድባቴ የመያዝ ዕድላቸው ከፍተኛ ነው፤ የተደረጉ ጥናቶችን የገመገመ ሥራ እስከ ግማሽ የሚሆኑት ለዚህ የተጋለጡ እንደሆኑ አሳይቷል። ቀኑን አብዛኛውን ሐዘን ወይም ባዶነት ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየብዎ፣ ልጅቱ ደህና ሆና በዋለችበት ቀንም ምንም ነገር ደስ ካላልዎት፣ ዕድል አግኝተው እንኳ እንቅልፍ ካልመጣ፣ የምግብ ፍላጎት ከጠፋ፣ ይህ የደስታ እጥረት ሳይሆን ሕክምና ያለው ሕመም ነው። ለራስዎ ሐኪም ይታዩ። መሞትን የሚመኙበት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ያኑ ዕለት ይሂዱ።

በልጅቱ በኩልም እንዲሁ። ሳቋ የጠፋው መድኃኒት ከተጀመረ ወይም ከተለወጠ ወዲህ ከሆነ መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። ሌቬቲራሴታም አንዳንድ ልጆችን ቁጡና ሆደ ባሻ ያደርጋል፤ ፌኖባርቢታል ያቅበጠብጣል፣ ትኩረት ይበትናል፤ ቶፒራሜት ቃል ያስጠፋል፣ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። እነዚህን ካዩ ለሐኪሟ ይንገሩ፣ የሚተካ ወይም የሚስተካከል ነገር አለ። በራስዎ ግን አንዲት ፍሬ እንኳ አይቀንሱ፤ በድንገት የተቋረጠ መድኃኒት ያለማቋረጥ የሚያንቀጠቅጥና ሕይወትን የሚያሰጋ ሁኔታ ሊያመጣ ይችላል።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፣ ቅደም ተከተልም አለው። በዚህ ሳምንት ደብተሩን ይጀምሩ፣ ወረቀቱን ይጻፉ፣ የልጅቱን ጥያቄ ይመልሱ፣ የማታውን ግማሽ ሰዓት ይጀምሩ። በቀጣዩ ሳምንት ሁለቱን ሰዎች ያሠልጥኑ፣ ሩጫዋን ይመልሱላት። በሦስተኛው የመጀመሪያዋን 30 ደቂቃ ይውጡ። ቀጣዩ ልደት ሲመጣ ትሂድ፤ መድኃኒቷ ቦርሳዎ ውስጥ ይኑር፣ ከመኝታ ሰዓቷ በፊት ይመለሱ።

ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ሕክምናው ራሱ እንደገና መታየት አለበት፤ ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት ትንሽ ስለሆነ አይደለም። 2 ዓመት ሙሉ በየወሩ እየተነሳባት «መድኃኒት ላይ ናት» ማለት በቂ አይደለም። በትክክል ተመርምረው በአግባቡ ከታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት የሚጥል ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሕመሙ ሳይነሳባቸው መኖር ይችላሉ። ልጅዎ ከ7 ወደ 9 ዓመት አድጋለች፣ ክብደት ጨምራለች፤ የመድኃኒቷ መጠን አብሮ አድጓል? ዓይነቱስ ለእሷ ሕመም የሚስማማው ነው? በትክክል የተመረጡ ሁለት መድኃኒቶች በበቂ መጠን ተሞክረው ካልያዙት፣ ሦስተኛና አራተኛ እየቀያየሩ መጠበቅ ሳይሆን በሚጥል ሕመም ላይ ወደተካነ ማእከል መላክ ነው የሚገባው፤ እዚያ በሐኪም ክትትል የሚሰጥ ልዩ የምግብ ሥርዓትም፣ ለአንዳንዶች ቀዶ ሕክምናም ይታያል። የምትወስደው ቫልፕሮዬት ከሆነ ደግሞ፣ ሴት ልጅ እንደመሆኗና ወደፊት በእርግዝና ጊዜ በጽንስ ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት የተነሳ፣ ወደ ጉርምስና ከመድረሷ በፊት አማራጩን ከሐኪሟ ጋር ይነጋገሩ። ወደ ቀጠሮው ሲሄዱ ደብተሩን፣ አሁን የተመዘነ ክብደቷን፣ ከተቻለም ሲነሳባት የተቀረጸ ቪዲዮ ይያዙ። ቀጠሮው ከ1 ወር በላይ የራቀ ከሆነ ደውለው እንዲቀርብልዎ ይጠይቁ፤ በየወሩ እንደሚነሳባትና ሌሊት እንደሆነ ይንገሯቸው።